ዛፍ ሥር የሚማር አንደበት፦ የመናገርና የመደማመጥ አዳብ ለአሥራዎቹ ዕድሜ ልጆቻችን



ልጅ ሲወለድ በብዙ ቤተሰቦቻችን ዘንድ አስቀድሞ የሚደረግለት ነገር በጆሮው አዛን ማሰማት ነው። አንደበቱ ገና አልተፈታም፤ ጆሮው ግን እንዲቀበል ተጋብዟል። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት አባትና እናት አንድ ቃል እንዲናገር በጉጉት ይጠብቃሉ፤ የመጀመሪያዋን ቃል ሲያወጣም ለጎረቤት ሁሉ ያወራሉ። ይሁን እንጂ ያ ልጅ አድጎ 13 እና 14 ዓመት ሲሞላው በቤት ውስጥ የሚሰማው ንግግር ምን ዓይነት ነው? “ተነሥ”፣ “ሂድ”፣ “አምጣ”፣ “የት ነበርክ?”፣ “ዝም በል”። ትእዛዝና ምርመራ ብቻ። ልጁም በበኩሉ “እሺ” ይላል፤ አለዚያም ዝም ይላል። ወላጅ ይህንን ዝምታ እንደ ጨዋነት ይቆጥረዋል። ለመሆኑ ዝምታ ሁሉ ጨዋነት ነውን?

ዛሬ በዚህ ዓምድ የምንነጋገረው በአሥራዎቹ ዕድሜ ውስጥ ያሉ ልጆቻችን ከሰው ጋር መነጋገርን፣ ማዳመጥን፣ ይቅርታ መጠየቅን፣ እንዲሁም “እምቢ” ማለትን እንዴት እንደሚማሩ ነው። ለምሳሌ የምንወስደው ደግሞ ሩቅ አገር የተጻፈ መጽሐፍ ሳይሆን በሶማሌ ክልል ሰሜናዊ ጫፍ ያለውን የሲቲ ዞን፣ በተለይም የአይሻንና የአካባቢዋን ሕዝብ የቆየ ልማድ ነው።

ጉዳዩ ለምን አሳሳቢ ሆነ?

አይሻ የባቡር መንገድ ከተማ ናት። ከጂቡቲ የተነሣው የቀድሞው የምድር ባቡር እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 ደግሞ አዲስ አበባ ሲደርስ አይሻ በዚያው መሥመር ላይ ነበረች። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2018 መደበኛ አገልግሎት የጀመረው የኤሌክትሪክ ባቡርም በአይሻ በኩል አድርጎ በደወሌ ወደ ጂቡቲ ይሻገራል። ሞቃትና ደረቅ ምድር ናት፤ ኃይለኛ ነፋሷን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጡ ተርባይኖችም ቆመውባታል። በእንዲህ ያለ ከተማ የሚያድግ ልጅ ከሕፃንነቱ ጀምሮ የሚያየው የሚያልፍና የሚያገድም ነው፤ ባቡር፣ ከባድ መኪና፣ ነጋዴ፣ መንገደኛ፣ ስደተኛ። በሶማልኛ “አገር ያልዞረ ሰው ዓይን የለውም” የሚል ትርጉም ያለው ተረት አለ። ልጁ ይህንን ሰምቶ ያደገ ነው። ስለዚህ መሄድ ቢያምረው አይፈረድበትም።

የሚያስፈራው የአሄዱ ሁኔታ ነው። በሶማሌ ወጣቶች ዘንድ “ተህሪብ” የሚባለው በድብቅ የመሰደድ መንገድ ብዙ ቤቶችን አፍርሷል። ለተህሪብ የሚነሣ ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ለጓደኛው ይነግራል እንጂ ለአባቱ አይነግርም። ቤተሰብ የሚሰማው ልጁ ድንበር ከተሻገረ በኋላ ነው፤ አንዳንዴም ሱዳን ወይም ሊቢያ ደርሶ “ማጋፌ” በሚባሉት ደላሎች እጅ ወድቆ የማስለቀቂያ ገንዘብ ሲጠየቅበት ነው። በዚያን ጊዜ ግመልና ፍየል ይሸጣል፣ የቤት ቆርቆሮ ሳይቀር ይነቀላል፣ ዘመድ ሁሉ ያዋጣል። በጂቡቲ በኩል ወደ የመን የሚሻገሩትም ዕጣቸው ከዚህ የተሻለ አይደለም። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2024 በጂቡቲ ጠረፍ በሁለት ሳምንት ልዩነት ሁለት ጀልባዎች ሰጥመው ሕፃናት ጭምር የሚገኙባቸው በርካታ ሰዎች ሞተዋል። ተሳፋሪዎቹ በአመዛኙ ከየመን የሚመለሱ ኢትዮጵያውያን ነበሩ።

በእርግጥ ድርቅና ሥራ አጥነት በንግግር ብቻ አይጠፉም። ነገር ግን አንድ የ16 ዓመት ልጅ በሕይወቱ ከባድ የሆነውን ውሳኔ ሲወስን ከወላጆቹ ጋር አንድ ቃል እንኳ ሳይለዋወጥ ከሄደ ከድርቁ በተጨማሪ ሌላ የተሰበረ ነገር አለ ማለት ነው። እሱም በወላጅና በልጅ መካከል ያለው የንግግር ድልድይ ነው።

ዕድሜው ምን ዓይነት ዕድሜ ነው?

የዓለም ጤና ድርጅት ከ10 እስከ 19 ዓመት ያለውን ዕድሜ የጉርምስና ዘመን ይለዋል። በእኛም ዘንድ ባሊግ የሆነ ልጅ ሶላትና ጾም ግዴታ ይሆንበታል፤ በሥራው የሚጠየቅ ሙሉ ሰው ተደርጎ ይታያል። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው አንድ ነገር አለ። የአንጎልን ዕድገት ያጠኑ ሊቃውንት እንዳረጋገጡት ነገርን አስቀድሞ የማመዛዘንና ስሜትን የመግታት ሥራ የሚሠራው የፊተኛው የአንጎል ክፍል እድገቱን የሚጨርሰው በሃያዎቹ ዕድሜ አጋማሽ ገደማ ነው። ስሜትን የሚያቀጣጥለው ክፍል ግን ቀድሞ ይነቃል። ስለዚህ ጎረምሳ ቶሎ ይቆጣል፤ ቶሎ ያፍራል፤ የጓደኛው ዓይን ከአባቱ ዱላ የበለጠ ያስፈራዋል።

ይህ ማለት ኃላፊነት የለበትም ማለት አይደለም። ኃላፊነትን የሚለማመድበት ቦታና ከጎኑ የሚቆም ሰው ያስፈልገዋል ማለት ነው። ዋና ሳይማር ወደ ጎርፍ የገባ ልጅ ቢሰጥም ጥፋቱ የልጁ ብቻ አይሆንም።

የዛፉ ትምህርት ቤት

የኢሳ ሶማሌዎች “ሄር ኢሴ” የሚባል ያልተጻፈ ሕግ አላቸው። ሕጉ በቃል ከትውልድ ወደ ትውልድ ሲተላለፍ የኖረ ሲሆን በኢትዮጵያ፣ በጂቡቲና በሶማሊያ ያሉትን የኢሳ ማኅበረሰቦች ያስተሳስራል። ሽማግሌዎች እንደሚተርኩት ከየጎሳው የተወከሉ 44 ሰዎች ተቀምጠው የመከሩበት ሕግ ነው። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2024 ዩኔስኮ ይህንን ሕግ በሦስቱ አገሮች ስም በማይዳሰሱ የሰው ልጅ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ አስፍሮታል። የጂቡቲው ምሁር ዓሊ ሙሳ ኢየም ቀደም ብሎ ስለዚሁ ሕግ በፈረንሳይኛ መጽሐፍ ጽፏል፤ የመጽሐፉ ርእስ ወደ አማርኛ ሲመለስ “የዛፉ ፍርድ” ይሆናል።

ርእሱ ያለ ምክንያት አልተሰጠም። ጉባኤው፣ በሶማልኛ “ሺር” የሚባለው፣ የሚካሄደው በዛፍ ጥላ ሥር ነው። ከሳሽና ተከሳሽ፣ ሀብታምና ድሃ፣ ብዙ ወገን ያለውና ጥቂት ወገን ያለው እኩል መሬት ላይ ይቀመጣሉ። የበላይ መሪ የሆነው ኡጋስ ሳይቀር የሚመረጠው ወርዲቅ ከሚባለው ጎሳ ነው፤ ይህ ጎሳ በቁጥር ብዛት የሚታወቅ አይደለም። ከዚህ የምንረዳው በዚያ ሕዝብ ዘንድ ሰው ሌላውን የሚያሸንፈው በጉልበትና በብዛት ሳይሆን በቃሉ መሆን እንዳለበት መታመኑን ነው።

ለኛ ርእስ ቁም ነገሩ ይኸው ነው። ወታደርም ሆነ እስር ቤት በሌለበት ሜዳ ላይ ሕግን ሲያስከብር የኖረው የተገራ አንደበትና የተገራ ጆሮ ነው። ከብት የሚጠብቅ ልጅ ከአባቱ ጋር ሄዶ ከጥላው ዳር ተቀምጦ ያዳምጥ ነበር። ማንም “ዛሬ ስለ ንግግር ችሎታ እናስተምርሃለን” አላለውም። ትልልቆቹ ሲከራከሩ፣ ሲቆጡ፣ ቁጣቸውን ሲውጡና ሲታረቁ እያየ ይማራል።

የዛሬው የአይሻ፣ የደወሌ፣ የሽንሌ ወይም የጅጅጋ ልጅ ግን ከዚህ ዛፍ ርቋል። ጠዋት ትምህርት ቤት ነው፤ ከሰዓት ዱግሲ ወይም መድረሳ ነው፤ ማታ ሞባይል ስልኩ ላይ ነው። ትልልቆቹም በበርጫው ላይ ናቸው። ስለዚህ ዛፉ በራሱ ያስተምር የነበረውን ዛሬ በእቅድ ማስተማር ግድ ሆኗል። ከዚህ በታች አምስቱን ዋና ዋና ትምህርቶች እንመለከታለን።

1ኛ/ ማዳመጥ

ሶማሌ ሲገናኝ ሰላምታው “ወራን?” ነው፤ ወሬ ስጠኝ፣ ንገረኝ እንደ ማለት ነው። ጎረቤታቸው የሆነው የአፋር ሕዝብም “ዳጉ” የሚባል የታወቀ የወሬ መለዋወጫ ሥርዓት አለው። ሁለቱም ሕዝቦች በረሃ ላይ የሚኖሩ ናቸው። ዝናብ የት እንደ ዘነበ፣ የትኛው ጉድጓድ እንደ ደረቀ፣ የትኛው መንገድ ሰላም እንደ ሆነ በትክክል ያላዳመጠ ሰው ከብቱንም ራሱንም ያጣል። በዚያ አገር ማዳመጥ ሕይወት ነው።

ከተማ ያለ ልጅ የሚያዳምጠው ብዙውን ጊዜ መልስ ለመስጠት ነው። ጓደኛው ገና ሳይጨርስ “እኔም እኮ…” ብሎ ይገባል። ጥሩ አዳማጭ ለመሆን ሦስት ነገሮች ይበቃሉ። አንደኛ፣ ሰው ሲያነጋግርህ ስልክህን አስቀምጥ፤ ፊትህንም መልስለት። ሁለተኛ፣ እስኪጨርስ ጠብቅ። ሦስተኛ፣ መልስ ከመስጠትህ በፊት የሰማኸውን በራስህ ቃል ድገምለት፤ “አሁን የምትለኝ ገንዘቡን ሳታስፈቅደኝ ስለ ወሰድኩ ተቀይመሃል ነው?” በለው። ያ ሰው “አዎ” ካለ ግማሹ ጠብ አለቀ። “አይደለም” ካለም በሌለ ነገር ከመጣላት ተረፋችሁ።

2ኛ/ መናገር

ዝም ማለት የማይገባበት ቦታ አለ። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) አንድ ቀን ሶሐቦቻቸውን በእንቆቅልሽ መልክ አንድ ጥያቄ ጠየቋቸው፤ ቅጠሉ የማይረግፍና ሙእሚንን የሚመስል ዛፍ የትኛው እንደ ሆነ። ሶሐቦቹ የበረሃ ዛፎችን ማሰብ ያዙ። ገና ወጣት የነበረው ዐብደላህ ኢብኑ ዑመር መልሱ የተምር ዛፍ መሆኑ በልቡ መጣለት። ነገር ግን በመካከላቸው አቡበክርንና ዑመርን የመሳሰሉ ታላላቆች ስለ ነበሩ አፍሮ ዝም አለ። በኋላ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መልሱ የተምር ዛፍ መሆኑን ሲናገሩ ልጁ ነገሩን ለአባቱ ነገረው። አባቱ ዑመር ምን አለው? “ደግ አደረግህ፣ ከታላላቆች ፊት ዝም ማለት ይገባሃል” አላለውም። ተናግሮት ቢሆን ኖሮ ከብዙ ሀብት ይልቅ ደስ ይለው እንደ ነበር ገለጸለት።

ይህ ታሪክ ለሁለት ሰዎች ትምህርት አለው። ለልጁ፣ ትክክለኛ ነገር በልቡ ይዞ በሐፍረት መቅረት ኪሳራ መሆኑን ያሳየዋል። ለአባት ደግሞ ልጁ በትልልቆች ፊት ቢናገር ሊኮራበት እንጂ ሊቆጣው እንደማይገባ ያስተምረዋል።

በየክፍላችን ስንት ልጆች መልሱን እያወቁ እጃቸውን አያወጡም? በተለይ አፉን በሶማልኛ ፈትቶ አማርኛን ወይም እንግሊዝኛን በትምህርት ቤት የተማረ ልጅ “ተሳስቼ ይስቁብኛል” ብሎ ይፈራል። ፍርሃትን የሚያስለቅቅ ልምምድ ነው። አንድ ዐረፍተ ነገር አስቀድመህ በልብህ አዘጋጅ። በቀን አንድ ጊዜ ብቻ እጅህን አውጣ። በትልልቆች ጉባኤ ላይ ከሆንክ ደግሞ “አዴር፣ ቢፈቅዱልኝ አንድ ነገር ልናገር” በል። ፈቃድ ጠይቆ የሚናገር ልጅ በየትኛውም ሕዝብ ዘንድ ደፋር እንጂ ባለጌ አይባልም።

3ኛ/ ሳይሳደቡ አለመስማማት

ሺር ላይ ክርክር አለ፤ የጦፈ ክርክር ነው። ነገር ግን የሚከራከሩት በጉዳዩ ላይ ነው። የሰውን አባት፣ ጎሳ ወይም ድህነት ማንሣት አዲስ በደል ስለሚሆን በራሱ ሌላ ክስ ያስከትላል። “ካፍ ከወጣ አፋፍ” የሚለው ያማርኛ ተረትም የሚያስጠነቅቀን ይህንኑ ነው።

ልጆቻችን በሰፈርና በስልክ ሲጣሉ ነገሩ የሚጀምረው በእግር ኳስ ወይም በአንዲት ቀልድ ነው፤ ሁለተኛው ዐረፍተ ነገር ላይ ግን ጎሳ ይነሣል። ይህንን ለመግታት አንድ ቀላል ሥርዓት አለ። ስለ ሰውየው ማንነት ከመናገር ይልቅ ስለ ተፈጸመው ድርጊትና በአንተ ላይ ስላመጣው ውጤት ተናገር። “አንተ ውሸታም ነህ” ማለት ጠብን ይወልዳል። “ትናንት እመጣለሁ ብለህ ስላልመጣህ አንድ ሰዓት ፀሐይ ላይ ቆሜ ጠበቅሁህ” ማለት ግን መልስ ሊሰጥበት የሚቻል ነገር ነው። ቁጣው ከበረታ ደግሞ መቀመጥ፣ ውዱእ ማድረግ፣ ቦታ መለወጥ በሃይማኖታችን የተማርነው መድኃኒት ነው። በስልክ የተጻፈ የቁጣ መልእክት ከመላኩ በፊት አንድ ሶላት ይለፈው።

4ኛ/ ይቅርታ መጠየቅ

ሶማሌዎች “ሐል” የሚሉት ነገር አላቸው። ሰውን በቃል ወይም በድርጊት ያስቀየመ ሰው ለተበደለው የሚሰጠው ካሣ ነው። ከዚሁ የተነሣ ዛሬም በተራ ንግግር ላይ ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው “ሐል ቃዶ”፣ ማለትም “ሐሉን ተቀበለኝ” ይላል። ከዚህ ልማድ ጀርባ ትልቅ ሐሳብ አለ። ስድብ ቁስል ነው፤ ቁስል ደግሞ “ይቅርታ” በሚል ባዶ ቃል ብቻ አይድንም። በዳዩ ከራሱ የሆነ ነገር ማጉደል አለበት።

ጎረምሳ ካሣ የሚከፍልበት ግመል የለውም። ይሁን እንጂ የተሟላ ይቅርታ ምን እንደሚመስል ከዚህ መማር ይችላል። የተሟላ ይቅርታ አራት ክፍል አለው። የሠራኸውን በስሙ ጥራ፤ “አንድ ነገር አጥፍቼ ከሆነ” አትበል፤ “ደብተርህን ቀድጃለሁ” በል። ምክንያት አትደርድር። የጎዳኸውን ጠግን፤ ደብተሩን ገልብጠህ ጻፍለት። በሰው ፊት አዋርደኸው ከሆነ ይቅርታውንም በዚያው ሰው ፊት ጠይቅ። ይቅርታ የሚጠየቀው ወገንም ድርሻ አለው፤ ሐሉን ከተቀበለ በኋላ ነገሩን ዳግመኛ አያነሣም።

አባቶችና እናቶችም ቢሆኑ ከዚህ ነጻ አይደሉም። በሐሰት የተከሰሰን ልጅ ቀጥቶ እውነቱ ሲወጣ “ለወደፊቱ ትምህርት ይሆንሃል” የሚል አባት ልጁን ያስተማረው ጉልበት ያለው ሰው ይቅርታ አይጠይቅም የሚለውን ነው።

5ኛ/ “እምቢ” ማለት

ከሁሉም የሚከብደው ትምህርት ይህ ነው። ሐምሌ 28 ቀን 2010 ዓ.ም. በጅጅጋ በተነሣው ሁከት ሰዎች ተገድለዋል፣ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጥለዋል፣ ሱቆችና ቤቶች ተዘርፈዋል፤ ለዓመታት አብረው የኖሩ ጎረቤቶችም ተፈናቅለዋል። በዚያ ሁከት ውስጥ “ሄጎ” ይባሉ የነበሩ የተደራጁ ወጣቶች ስም በሰፊው ተነሥቷል። የፖለቲካውን ጉዳይ ለፍርድና ለታሪክ እንተወው። ለዛሬው ርእሳችን የሚሆነን ጥያቄ ግን አለ። በዚያን ቀን ድንጋይ ያነሣው ልጅ ከአንድ ቀን በፊት ከዚያ ሱቅ ዳቦ ሲገዛ የነበረ ልጅ ሊሆን ይችላል። ብቻውን ቢሆን ኖሮ ያንን ያደርግ ነበርን? አያደርግም ነበር። መንጋ ውስጥ የገባ ሰው ግን ኃላፊነቱን ለሁሉም ያካፈለ ይመስለዋል። በአኺራ እያንዳንዱ ነፍስ በየግሉ እንደሚጠየቅ ያመነ ሙስሊም በዚህ ሊታለል አይገባም። የጎረቤት ሐቅ ደግሞ ጎረቤቱ ሙስሊም ባይሆንም ሐቅ ነው።

“እምቢ” ማለት እንደ ማንኛውም ችሎታ በትንሹ ይለመዳል። ጫት “ቅመስ” ሲባል፣ ሲጋራ ሲቀርብ፣ “ነገ ማታ እንነሣ፣ ለማንም እንዳትናገር” ሲባል የሚያገለግሉ ሦስት መንገዶች አሉ። የመጀመሪያው አጭርና ግልጽ ማድረግ ነው፤ “አይሆንም፣ አልፈልግም” ብሎ ማቆም እንጂ ለክርክር በር የሚከፍት ረጅም ምክንያት አለመስጠት። ሁለተኛው ጊዜ መግዛት ነው፤ “እናቴን ሳላማክር ምንም አልወስንም” ማለት አያሳፍርም። ሦስተኛው ከቦታው መሄድ ነው። በተለይ አንድን ነገር “ለማንም አትናገር” ብሎ የሚመጣ ሰው ሁሉ ሊያስጠረጥር ይገባል። መልካም ነገር ከእናት አይደበቅምና።

የወላጆች ድርሻ

ከላይ የዘረዘርነውን ሁሉ ልጁ ቢያውቅ፣ ቤት ውስጥ የሚለማመድበት ቦታ ከሌለው ዋጋ የለውም። በአማርኛ “ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም” የሚባል ተረት አለን። ተረቱ የልጅ ሥራ ያልበሰለ መሆኑን ለመግለጽ ይነገራል። ነገር ግን ልጅ ዛሬ ካላቦካ ነገ ማን ሊጋግር ነው?

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከልጆች ጋር የነበራቸው አያያዝ ለዚህ ትልቅ ማስረጃ ነው። አንድ ቀን መጠጥ ቀርቦላቸው ጠጡ። በስተቀኛቸው አንድ ልጅ፣ በስተግራቸው ደግሞ ሽማግሌዎች ተቀምጠው ነበር። ሥርዓቱ በቀኝ በኩል ላለው ማስተላለፍ ነው። ለሽማግሌዎቹ ማስቀደም ፈልገው ልጁን ፈቃድ ጠየቁት። ልጁም ከእርሳቸው የሚያገኘውን ድርሻ ለማንም እንደማይለቅ ተናገረ። እርሳቸውም ዕቃውን በእጁ ላይ አኖሩለት። ልጁ አልተቆጡትም፤ “ባለጌ” አልተባለም። ልጅ ሐቅ እንዳለው፣ ፈቃዱ እንደሚጠየቅ፣ “አይሆንም” ቢል ቃሉ እንደሚከበር በሽማግሌዎች ፊት ታየ። በቤቱ “አይሆንም” ሲል የተከበረለት ልጅ በደላላ ፊትም “አይሆንም” ለማለት ይበረታል።

በሌላ ጊዜም አንድ ወጣት ወደ እርሳቸው መጥቶ ዝሙት እንዲፈቅዱለት በግልጽ ጠየቃቸው። በዙሪያው የነበሩት ሰዎች ጮኹበት። እርሳቸው ግን አቅርበው አስቀመጡት፤ ይህ ነገር በእናቱ፣ በልጁ፣ በእኅቱ ላይ ቢደረግ ይወድ እንደ ሆነ እየጠየቁ ራሱ መልሱን እንዲያገኘው አደረጉ፤ ከዚያም ዱዓ አደረጉለት። ዛሬ አንድ ልጅ “አባዬ፣ ወደ ሳዑዲ መሄድ እፈልጋለሁ” ብሎ ቢመጣ ስንቶቻችን አስቀምጠን እንጠይቀዋለን? የሚጮህበት አባት ልጁ ሁለተኛ እንዳይጠይቅ ይከለክለው ይሆናል፤ እንዳይሄድ ግን አይከለክለውም። አስቀምጦ “ማን ነገረህ? በየት በኩል? ምን ያህል ገንዘብ? እዚያ ማን ይቀበልሃል? እዚህ ምን ብታገኝ ትቀር ነበር?” ብሎ የሚጠይቅ አባት ግን ቢያንስ እውነቱን ያውቃል። ምናልባትም ልጁ ሲመልስ የራሱ እቅድ ቀዳዳው ይታየዋል።

ስለ ሴቶች ልጆቻችን

እዚህ ላይ ሳይነገር የማይታለፍ ነገር አለ። የዛፉ ጉባኤ በልማድ የጎለመሱ ወንዶች ጉባኤ ነው። ሴት ልጅ ከጥላው ዳር ተቀምጣ እንድትማር አልተደረገም። ነገር ግን በሲቲ ዞንም ሆነ በጅጅጋ ገበያ ቤተሰብን በንግድ ደግፈው የያዙት በአብዛኛው እናቶች ናቸው። ወተት፣ ልብስና ሻይ ሲሸጡ የሚከራከሩት፣ ብድር የሚጠይቁትና የሚያበድሩት እነሱ ናቸው። ስለዚህ የመናገር ችሎታ ለሴት ልጅ አያስፈልጋትም ማለት ከእውነታው ጋር አይሄድም። ሐዲስን በብዛት ካስተላለፉት ሶሐቦች መካከል እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) አንዷ መሆናቸውን፣ ታላላቅ ሶሐቦችም ወደ እርሳቸው እየመጡ ይጠይቁ እንደ ነበር የሚያውቅ ሰው ልጁን በክፍል ውስጥ “አንቺ ዝም በይ” አይላትም። ያለ ፈቃዷ ልትዳር የሆነች፣ ወይም በመንገድ ላይ የሚያስቸግራት ሰው ያለባት የ15 ዓመት ልጅ “እናቴ፣ የምነግርሽ ነገር አለ” ለማለት መቻሏ ሕይወቷን ሊያድን ይችላል።

ለአንድ ሳምንት የሚሆን ልምምድ

ትምህርት በሥራ ካልተተረጎመ ጠፊ ነውና አንባቢያን ከልጆቻቸው ጋር የሚከተለውን እንዲሞክሩ እንጋብዛለን።

ቅዳሜ፦ በቤት ውስጥ ለእያንዳንዱ ሰው አምስት ደቂቃ “ወራን” ይሰጠው። ሌላው አያቋርጥ። ትንሹ ልጅ ይጀምር።

እሑድ፦ ልጁ ከአንድ ሽማግሌ ወይም አሮጊት ዘንድ ሄዶ በልጅነታቸው የታረቁበትን አንድ ጠብ ይጠይቃቸው፤ ለቤተሰቡም መጥቶ ይተርክ።

ሰኞና ማክሰኞ፦ በክፍል ውስጥ በቀን አንድ ጥያቄ ይጠይቅ ወይም ይመልስ።

ረቡዕ፦ ያስቀየመው ሰው ካለ በአራቱ ክፍል ይቅርታ ይጠይቅ። ወላጅም እንዲሁ።

ሐሙስ፦ አባት እንደ ደላላ ወይም እንደ መጥፎ ጓደኛ ሆኖ ልጁን ያባብል፤ ልጁ “እምቢ” ማለትን ይለማመድ። ሳቅ ቢኖርበትም ትምህርቱ ቁም ነገር ነው።

ጁሙዓ፦ ከሶላት በኋላ አባትና ልጅ አብረው በእግር ይመለሱ። በመንገድ ላይ ትእዛዝና ምርመራ አይኑር።

ለመወያያ፦ በቤታችን መጨረሻ ላይ ስብሰባ ተደርጎ ልጆች ሐሳባቸውን የተጠየቁት መቼ ነው? ልጄ ክፉኛ ቢያጠፋ መጀመሪያ የሚነግረው ለማን ነው? ያ ሰው እኔ ካልሆንኩ ለምን?

መደምደሚያ

የአይሻ ነፋስ ጥላ የሚሰጠውን ዛፍ አልነቀለውም። ዛፉ ዛሬም በቦታው አለ፤ የዓለም መንግሥታት ድርጅትም ዋጋ ያለው መሆኑን መስክሮ መዝግቦታል። በመዝገብ መስፈሩ ብቻውን ግን ቅርሱን አያድነውም። ቅርሱ የሚኖረው አንድ የ14 ዓመት ልጅ ከጥላው ሥር ተቀምጦ ሲያዳምጥ፣ ተራው ሲደርስም ፈቃድ ጠይቆ ሲናገር ነው። በከተማ ያለን ሰዎች ዛፉ ከሌለን በረንዳ አለን፣ ምንጣፍ አለን፣ የእራት ሰዓት አለን። ልጁ የሚሄድበትን ቀን ለጓደኛው ከመንገሩ በፊት ለእኛ እንዲነግረን ጆሯችንን ዛሬ እናሰናዳለት።

አላህ ልጆቻችንን የዓይን ማረፊያ ያድርግልን። ወቢላሂ ተውፊቅ።